ለሩዝ የሚስማማ መሬት በካርታ እንዴት ይመረጣል?

ከውጭ አገር ሩዝ የሚያስመጣ ነጋዴ ዘወትር ሁለት ወሬዎችን በጆሮው ይጠብቃል። አንደኛው ሩዙ በሚመረትበት አገር የሚወጣው ትእዛዝ ነው፤ ሁለተኛው የውጭ ምንዛሪ ዋጋ ነው። ሕንድ በጁላይ 2023 (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በኤውሮጳውያን አቆጣጠር ናቸው) ባስማቲ ያልሆነው ነጭ ሩዝ ወደ ውጭ እንዳይላክ በከለከለች ጊዜ፥ ዕቃው በሌሎቹ ላኪ አገሮች ዘንድም ተወደደ፤ ክልከላው የተነሣው በሴፕቴምበር 2024 ነው። በዚሁ መካከል፥ በጁላይ 2024፥ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን በመደረጉ አስመጪው ለአንድ ዶላር የሚከፍለው ብር እጅግ ጨመረ። እነዚህን ሁለት ነገሮች በአንድነት የቀመሰ ነጋዴ «በአገራችን የሚበቅለው ሩዝ የት ይገኛል? ወደ ፊትስ ከየት ሊገኝ ይችላል?» ብሎ ቢጠይቅ የሚያስደንቅ አይደለም።

ለዚህ ጥያቄ መልስ ይሆናሉ ተብለው የሚቀርቡት ወረቀቶች ባለ ቀለም ካርታዎች ናቸው። አረንጓዴው «ለሩዝ እጅግ ተስማሚ»፥ ቢጫው «በመጠኑ ተስማሚ»፥ ቀዩ ደግሞ «የማይስማማ» መሬት መሆኑ ከግርጌው ተጽፎ ይገኛል። ካርታው ያማረ ነው፤ ቀለሙም ሰውን ያሳምናል። አንዳንዱ ነጋዴ አረንጓዴውን ብቻ አይቶ የሩዝ መፈተጊያ መኪና ለመትከል ወይም መጋዘን ለመከራየት ይነሣል። የዚህ ትምህርት ዓላማ እንዲህ ያለው ካርታ እንዴት እንደሚሠራና በምን በምን ጉዳይ ሊታመን እንደሚችል፥ በምንም ጉዳይ ሊታመን እንደማይገባ ለነጋዴ በሚገባ አነጋገር ማስረዳት ነው።

ምሳሌያችንን ከፎገራ እንጀምር። ከጣና ሐይቅ በስተምሥራቅ፥ በወረታ ከተማ ዙሪያ፥ ርብና ጉማራ የተባሉት ወንዞች የሚያቋርጡት ሜዳ ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ያህል ከፍታ አለው። አፈሩ በበጋ የሚሰነጣጠቅ፥ በክረምት የሚያብጥና ውኃን ወደ ታች በቀላሉ የማያሳልፍ ዋልካ ነው። ክረምቱ ሲገባ ወንዞቹ ሞልተው ይፈስሳሉ፤ ሜዳውም ውኃ ይለብሳል። ሩዝ ከመስፋፋቱ በፊት ይህ አገር ይበልጥ የሚታወቀው በከብቱ ነበር፤ በወተቷ የተመሰገነችው የፎገራ ላም ስሟን ያገኘችው ከዚሁ ሜዳ ነው። ጤፍ ወይም ኑግ ለመዝራት ለሚያስብ ገበሬ ግን ውኃ የሚተኛበት መሬት መከራ እንጂ ሀብት አልነበረም። በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ ዓመታት በዚያ ሩዝ ተሞከረ፤ በሙከራውም የሰሜን ኮርያ ባለሙያዎች ተካፍለውበታል። ኤክስ-ጅግና የሚባለውም ዘር በገበሬው ዘንድ ተወድዶ ለብዙ ዓመታት በሰፊው ሲዘራ ኖሯል። ዛሬ የብሔራዊው የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከል የሚገኘው በዚያው በፎገራ ነው፤ የአካባቢውም ሰው ሩዙን ነጭ ወርቅ ይለዋል።

እንግዲህ መሬቱ ያው የጥንቱ ነው፤ የተለወጠው የተዘራበት እህል ነው። ለጤፍ ተብሎ የተሠራ ካርታ ያንን ረግረግ ሜዳ ቀይ ቀለም ቢቀባው አይሳሳትም፤ ለሩዝ የተሠራውም አረንጓዴ ቢቀባው እንዲሁ አይሳሳትም። የተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅት በ1976 ባወጣው የመሬት ግምገማ መመሪያ ላይ ዋናው መሠረት ይኸው ነው፤ ይኸውም የመሬት ተስማሚነት የሚመዘነው ለታወቀ አንድ ሥራ ነው እንጂ እንዲያው በደፈናው «ጥሩ መሬት» ወይም «መጥፎ መሬት» አይባልም ማለት ነው። ካርታ ሠሪዎች እስከ ዛሬ የሚሠሩባቸው «እጅግ ተስማሚ»፥ «በመጠኑ ተስማሚ»፥ «በጥቂቱ ተስማሚ»፥ «የማይስማማ» የተባሉት ደረጃዎችም የመጡት ከዚሁ መመሪያ ነው። ስለዚህ ነጋዴው ካርታ ሲቀርብለት አስቀድሞ ሊጠይቅ የሚገባው «ለየትኛው ሩዝ?» ብሎ ነው። በዝናብ ብቻ በደረቅ መሬት የሚበቅለው፥ እንደ ፎገራ ውኃ በሚተኛበት ሜዳ የሚበቅለው፥ እንደ ጎዴ በወንዝ መስኖ የሚለማው ሩዝ አንድ ዓይነት መሬት አይፈልጉምና።

ካርታው የሚሠራበት መንገድ በነገሩ ቀላል ነው። ኮምፒዩተር ከመስፋፋቱ በፊት ባለሙያዎች የዝናቡን፥ የአፈሩን፥ የተዳፋቱንና የመንገዱን ካርታ እያንዳንዱን ለብቻው በሚያሳልፍ ወረቀት ላይ ነድፈው፥ አንዱን በአንዱ ላይ ደርበው፥ ከብርሃን ፊት ይይዙት ነበር። ዛሬ የመልክአ ምድር መረጃ ሥርዓት የሚባለው፥ ባጭሩም ጂ.አይ.ኤስ. የሚሉት፥ ያንኑ መደራረብ በቁጥር ይሠራዋል። አገሩ በሙሉ እንደ ዳማ ገበታ በትንንሽ አራት ማዕዘን ክፍሎች ይከፈላል። ለእያንዳንዱም ክፍል የዝናቡ መጠን፥ የሙቀቱ ልክ፥ የአፈሩ ዓይነትና ኮምጣጣነት፥ የተዳፋቱ ቁልቁለት እየተመዘገበ ውጤት ይሰጠዋል። ከዚያም ባለሙያው «ከእነዚህ ነገሮች ለሩዝ ይበልጥ የሚያስፈልገው የትኛው ነው?» ብሎ ለእያንዳንዱ የሚዛን ድርሻ ይመድባል፤ ውጤቱና ድርሻው ተባዝቶ ይደመራል፤ ድምሩም ቀለም ይሆናል።

የሚዛኑን ድርሻ ለመመደብ ብዙዎች የሚከተሉት ዘዴ ቶማስ ሳቲ የተባሉት የሒሳብ ሊቅ በ1970ዎቹ ያወጡትን ነው። በዚህ ዘዴ ነገሮቹ ሁለት ሁለት እየሆኑ ይነጻጸራሉ፤ አንዱ ከሌላው የሚበልጥበት ልክ ከ1 እስከ 9 ባለው ቁጥር ይገለጣል፤ ንጽጽሩም እርስ በርሱ የማይጋጭ መሆኑ በሒሳብ ይመረመራል። የግጭቱ ልክ ከ0.10 ከበለጠ ንጽጽሩ እንደገና ሊታይ ይገባዋል። ነገር ግን አንባቢ ልብ ሊለው የሚገባ ነገር አለ። ሒሳቡ የሚመረምረው ባለሙያው ከራሱ ጋር መስማማቱን ነው፤ ከመሬቱ ጋር መስማማቱን አይደለም።

አሁን ወደ ፍሬ ነገሩ እንግባ፤ እኔ በዚህ ጉዳይ ከሁሉ የሚበልጥ አደገኛ ነው የምለው እዚህ ላይ ነውና። አንድ ካርታ ሠሪ ለውኃ 35 ከመቶ፥ ለአፈር 30 ከመቶ፥ ለተዳፋት 20 ከመቶ፥ ለሙቀት 15 ከመቶ ድርሻ መድቧል እንበል። ውጤቱም ከ1 እስከ 4 የሚሰጥ ሆኖ 4 የተሻለው ነው። አሁን በሰሜን ሸዋ እንደ እነዋሪ ያለውን፥ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,500 ሜትር የሚበልጠውን ደጋ እናስብ። መሬቱ ሜዳ ነው፤ 4 ያገኛል። አፈሩ ውኃ የሚይዝ ጥቁር አፈር ነው፤ 4 ያገኛል። በክረምት ውኃ ይተኛበታል፤ ለዚህም 4 እንስጠው። ሙቀቱ ግን ለሩዝ አይበቃም፤ 1 ብቻ ያገኛል። ድምሩ ሲሠራ ከ4 ውስጥ 3.55 ይሆናል። ይህ ውጤት በካርታው ላይ የደመቀ አረንጓዴ ነው።

በዚያ አረንጓዴ ላይ ሩዝ የዘራ ገበሬ ግን ምን ያጭዳል? ከፍታ በ100 ሜትር በጨመረ ቁጥር ሙቀቱ በስድስት ዐሥረኛ ዲግሪ ያህል ይቀንሳል። ስለዚህ ከፎገራ 800 ሜትር ከፍ ያለ ደጋ ከፎገራ ወደ 5 ዲግሪ ያህል የሚቀዘቅዝ ነው። ለብዙዎቹ የቆላ ዘሮች ሩዙ ዘለላውን በሚያበጅበትና በሚያብብበት ጊዜ ሙቀቱ ከ15 እስከ 20 ዲግሪ ባለው መካከል ከሚገኘው ወሰናቸው በታች ከወረደ አበባው ይመክናል። ተክሉ ለምለም ሆኖ ይቆማል፤ ዘለላውም ይወጣል፤ ነገር ግን ሲጨብጡት ባዶ ነው። ኤክስ-ጅግና በፎገራ የተወደደው ብርዱን ከሌሎች ይልቅ በመቻሉ ጭምር ነው፤ ፎገራም ራሱ ከዚህ ፈተና ሙሉ በሙሉ የራቀ አይደለም። እንግዲህ የመደመሩ ሒሳብ ጥፋቱን በመልካሙ ሸፈነው። ሦስት መልካም ነገር አንዱን ገዳይ ነገር አያካክስም፤ ሒሳቡ ግን ያካክሰዋል። የነጋዴ ቋንቋ ብናደርገው፥ ሦስት ጎማው አዲስ የሆነ፥ አራተኛው ግን የፈነዳ መኪና በአማካይ ደኅና መኪና ነው እንደ ማለት ነው።

ይህን የሚያውቁ ባለሙያዎች መድኃኒት አላቸው። አንዱ፥ ከመደመር በፊት ሩዝ ፈጽሞ የማይበቅልበትን ከፍታና ሙቀት ከካርታው ቆርጦ ማውጣት ነው። ሌላው፥ የእያንዳንዱን ክፍል ደረጃ በድምሩ ሳይሆን ከሁሉ ባነሰው ውጤት መወሰን ነው። ስለዚህ ካርታውን ላቀረበው ሰው «ደረጃው የተሰጠው በመደመር ነው ወይስ ባነሰው ውጤት?» ብሎ መጠየቅ አያሳፍርም፤ ይህን አንድ ጥያቄ መመለስ የማይችል ሰው ያመጣው ካርታ በግድግዳ ላይ ቢሰቀል ይሻለዋል።

ሁለተኛው ጉዳይ የክፍሎቹ ስፋት ነው። በካርታው ላይ ሁሉም መረጃ በአንድ ላይ ስለሚታይ ሁሉም በአንድ ዓይን የታየ ይመስላል፤ እንዲህ ግን አይደለም። የመሬቱ ከፍታ በአብዛኛው የሚወሰደው የአሜሪካ የጠፈር መንኩራኩር በፌብሩዋሪ 2000 በራዳር ከለካው ነው፤ የዚህ አንዱ ክፍል 30 ሜትር በ30 ሜትር ስለሆነ በአንድ ሄክታር ውስጥ 11 ያህል ክፍሎች ይገኛሉ። ሶይልግሪድስ የሚባለው የዓለም የአፈር ካርታ ግን አንዱ ክፍሉ 250 ሜትር በ250 ሜትር ነው፤ ይህም ከ6 ሄክታር በላይ ነው። ሩብ ሩብ ሄክታር የያዙ 25 ማሳዎች በአንድ ክፍል ውስጥ ይገባሉ፤ ለሁሉም የሚሰጣቸው አንድ ዓይነት አፈር ነው። ከ1981 ጀምሮ ያለውን ዝናብ የሚይዘው ቺርፕስ የተባለው መረጃ ደግሞ አንዱ ክፍሉ ወደ 5 ኪሎ ሜትር ስለሚጠጋ 2,500 ሄክታር ያህል በአንድ ቁጥር ያልፋል። እነዚህ ሦስቱ ሲደራረቡ የሚወጣው ካርታ በ30 ሜትር ክፍል ቢታተምም፥ ዕውቀቱ የዚያን ያህል የጠራ አይደለም። ጥቂት ኩንታል በባስኩል መዝኖ የቀረውን በዓይን ገምቶ እስከ ግራም ድረስ ደረሰኝ የሚጽፍ ሰው ቢኖር ማን ያምነዋል?

በዚህ ላይ የሩዝን ነገር የሚያከብድ ሌላ አለ። የጠፈሩ ራዳር ከፍታን ሲለካ በብዙ ሜትር ሊሳሳት ይችላል፤ ለተራራና ለገደል ይህ ብዙ ችግር አያመጣም። ሩዝ ግን በሜዳ ላይ ነው የሚበቅለው፤ በሜዳም ላይ ውኃ መተኛቱን ወይም መሸሹን የሚወስነው የስንዝርና የክንድ ልዩነት ነው። ሁለት ጎረቤታሞች በአንድ ድንበር ላይ ሆነው የአንደኛው ማሳ እስከ መስከረም መጨረሻ ውኃ ሲይዝ የሌላው በነሐሴ ሊደርቅ ይችላል፤ ካርታው ሁለቱንም አንድ አድርጎ ይቀባቸዋል። እንግዲህ ካርታው ከሁሉ ይበልጥ የሚደክመው ሩዝ በሚበቅልበት በዚያው ቦታ ላይ ነው። ይህን የሚያሟላው የገበሬው ዕውቀት ነው፤ «ውኃው እስከ የት ይደርሳል? ለስንት ሳምንትስ ይቆያል?» ብሎ የዕድሜ ባለጸጎችን መጠየቅ ከብዙ ብር መለኪያ ይበልጣል።

ስለ አገሩ ጠቅላላ ድምር ጥቂት እንበል። በ2010 የወጣው ብሔራዊ የሩዝ ምርምርና ልማት ስልት በዝናብ ሩዝ ሊበቅልበት የሚችለው የኢትዮጵያ መሬት ወደ 30 ሚሊዮን ሄክታር እንደሚጠጋ ይገልጣል። ይህ ቁጥር ከዚያ ወዲህ በየስብሰባውና በየጋዜጣው ሲጠቀስ ኖሯል። ነገር ግን በአገሪቱ የሚገኙት ገበሬዎች በዋናው የክረምት ወራት በእህል የሚሸፍኑት መሬት በሙሉ፥ ጤፉም፥ በቆሎውም፥ ስንዴውም፥ ማሽላውም፥ ጥራጥሬውም ተደምሮ፥ ከ12 እስከ 13 ሚሊዮን ሄክታር ያህል ነው። ታዲያ 30 ሚሊዮኑ ከየት መጣ? ስሌቱ የተሠራው የአየሩና የአፈሩ ጠባይ ሩዝን ይቀበላል ወይ ተብሎ ስለሆነ ነው። በመሬቱ ላይ ዛሬ ምን እንዳለበት፥ ማን እንደያዘው፥ ደን ይሁን ግጦሽ፥ መንገድ ይድረስ አይድረስ በዚህ ቁጥር ውስጥ አልተመዘነም። ቁጥሩ ሐሰት ነው ማለቴ አይደለም፤ የሚመልሰው ጥያቄ ግን የነጋዴው ጥያቄ አይደለም።

የነጋዴው ጥያቄ የሚታየው መኪና ለመትከል ሲያስብ ነው። አንድ ሰው በሰዓት 10 ኩንታል ያልተፈተገ ሩዝ የሚፈትግ መኪና ሊተክል አሰበ እንበል። በቀን 8 ሰዓት፥ በዓመት 150 ቀን ቢሠራ 12,000 ኩንታል ያስፈልገዋል። ከአንድ ሄክታር 30 ኩንታል ቢገኝ ይህን የሚያቀርበው 400 ሄክታር ነው። በአካባቢው ካርታ ላይ 2,000 ሄክታር አረንጓዴ አየ፤ «ከሚያስፈልገኝ አምስት እጥፍ አለ» ብሎም ደስ አለው። ከዚያ መሬት ሩዝ የሚዘራበት አንድ አምስተኛው ብቻ ከሆነ 400 ሄክታር ይሆናል፤ ሒሳቡ ገና ልክ ነው። ነገር ግን ገበሬው ካመረተው ግማሹን ለቤቱ ቢያስቀር፥ ሩዝ ከጤፍ ጋር ተቀላቅሎ ለእንጀራ ይሆናልና፥ ለገበያ የሚወጣው 6,000 ኩንታል ብቻ ነው። በዚያው መንደር ሌላ መፈተጊያ ካለ ደግሞ ይህም ይከፈላል። በባንክ ብድር የተገዛው መኪና የዓመቱን ግማሽ ቆሞ ይውላል፤ ወለዱ ግን ቆሞ አይውልም።

ስለዚህ ነጋዴ ሁለት ካርታ መጠየቅ አለበት። አንደኛው መሬቱ ምን ሊሸከም እንደሚችል የሚያሳየው የተስማሚነት ካርታ ነው። ሁለተኛው ባለፉት ሁለት ሦስት ዓመታት በእርግጥ ሩዝ የተዘራበትን መሬት የሚያሳየው ካርታ ነው። ይህ ሁለተኛው በክረምት ደመና ምክንያት በተራ የሳተላይት ፎቶግራፍ ለመሥራት ያስቸግራል፤ ኤውሮጳውያን ሴንቲኔል-1 ብለው ከ2014 ጀምሮ ያመጠቁት ሳተላይት ግን በራዳር ስለሚሠራ ደመናን አልፎ ያያል። በሐምሌና በነሐሴ ውኃ የተኛበትን፥ በመስከረምም በለመለመ ተክል የተሸፈነውን ማሳ ለይቶ ሊያሳይ ይችላል፤ መረጃውም ያለ ክፍያ ይሰጣል። መፈተጊያ ለመትከል የሚያስብ ሰው ይበልጥ የሚጠቅመው ይኸኛው ነው። አዲስ አገር ከፍቶ ከገበሬዎች ጋር ለብዙ ዓመት ለመዋዋል ለሚያስብ ግን የመጀመሪያው ይቀድማል።

በመጠኑ የሚያሳዝን ነገርም ሳይጠቀስ አይታለፍም። በፎገራ ሩዝ ሲስፋፋ የከብቱ ግጦሽ ጠበበ፤ ሸሸርና ዋላላ የሚባሉት ረግረጎችም እየሸሹ ሄዱ። የጣና ሐይቅ አካባቢ በ2015 በዩኔስኮ የሕይወታዊ አካባቢ ጥብቅ ቦታ ተብሎ ተመዝግቧል። ረግረግ መሬት በሩዝ ካርታ ላይ ሁልጊዜ አረንጓዴ ነው፤ ውኃም አለው፥ ሜዳም ነውና። ካርታ ሠሪው ጥብቅ የሆነውን ቦታ አስቀድሞ ካላወጣው፥ ነጋዴው ነገ በሕግ በሚከለከል ወይም በአካባቢው ሰው በሚጠየቅ መሬት ላይ ተስፋውን ይጥላል።

ካርታው በእጁ ያለ ሰው ሜዳውን ሁለት ጊዜ ቢያየው መልካም ነው። በነሐሴ ሲሄድ መንገዱን ይፈትናል፤ የጭነት መኪና የት ድረስ እንደሚገባ፥ ዋልካው የት ላይ ጎማ እንደሚይዝ ያያል፤ አረንጓዴ በተባለው ክፍል ላይ ቆሞም ውኃው ጥልቀቱ ስንት ስንዝር እንደሆነ ይለካል። በኅዳር ሲመለስ ሩዙ ታጭዶ በአውድማ ላይ ነው። ያን ጊዜ ከሦስት ከአራት አውድማ አንድ አንድ እፍኝ ወስዶ በመዳፉ ይሸው፤ ባዶውን ቅርፊት እፍ ብሎ ከሞላው ፍሬ ይለይ፤ የሞላውን በጥርሱ ሰብሮ ደረቅነቱን ያረጋግጥ። ሳይደርቅ የተሰበሰበ ሩዝ ይሻግታል፤ በፀሐይ ከልክ በላይ የደረቀውም በመኪናው ውስጥ ይሰባበራል። ከ100 ኪሎ ያልተፈተገ ሩዝ በደኅና መኪና ከ60 እስከ 70 ኪሎ የተፈተገ ይወጣል ቢባልም፥ ከዚህ ውስጥ ስንቱ ሙሉ ፍሬ፥ ስንቱ ስባሪ እንደሚሆን የሚታወቀው በዚያው አውድማ ላይ ነው። ያየውንም በካርታው ጠርዝ ላይ፥ ከቀኑና ከቦታው ስም ጋር፥ በእርሳስ ይጻፍበት።